የቁልቁለት ትምህርት

እሑድ፣ ኅዳር 11 ቀን 1970 ዓ.ም.
አሰላ

ዛሬም ወንድም ጋሼ ከጭላሎ ግርጌ ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ብስክሌት ሲያስነዳኝ ዋለ። ጉልበቴ ተልጧል። እኔ የፈለግሁት ገበያ ደርሶ መመለስ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ይኸው ሦስተኛ እሑዱ፣ ከቁልቁለቱ አልላቀቅም ብሏል።

"ከመቀመጫው ተነሺ፤ ወደ ኋላ በይ። የፊቱን ፍሬን ብቻውን ከያዝሽ በአፍጢምሽ ትደፊያለሽ!"

ድንጋዩን እያየሁ ስወርድ እላዩ ላይ ወጣሁና ወደቅሁ።

"ድንጋዩን አትዪ፤ ማለፊያውን እዪ!" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚህ በፊት ጮኾብኝ አያውቅም።

"ደህናውን መንገድ ትተን እዚህ ምን አመጣን?" አልኩት ተናድጄ።

"እዚህ ኬላ የለም። እስከ አክስታችን ቤት ድረስ የለም" አለኝ።

ብስክሌቱን አንስቼ ወደ ላይ ተመለስኩ። እሱ ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት ሁለት መምህራን ተወስደዋል። ቤት ውስጥ ስማቸውን አናነሳም።

በመጨረሻ ሳልወድቅ ወረድኩ። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። "በቃ፣ ቻልሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ነገ ጠዋት ቀበሌ ይፈለጋል። ለስብሰባ ነው ይላል። በእግሬ እሄዳለሁ ይላል።

እሱ ረጅም ነው። ሁልጊዜ ከልምምድ ስንመለስ የብስክሌቱን መቀመጫ ወደ ራሱ ቁመት ይመልሰው ነበር። አሁን ሳየው ጎማዎቹ ተነፍተዋል፤ መቀመጫው ግን በእኔ ቁመት እንዳለ ነው። ከፍ ላደርግለት ቁልፍ አምጥቼ ታገልኩ። ብሎኑን አጥብቆታል፤ አልፈታ አለኝ።