ሬሳ የተሸከመ ትከሻ

ትክል ድንጋይ፣ ጥር 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰርካለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ ዓለም? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እኔ ከወገቤ በቀር ሸጋ ነኝ። ስልክ ያልደወልሁት ባልሽ ያነሳዋል ብየ ነው። ይኸንንም አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

አክስትሽ ሸዋአየሁ በኅዳር አረፈች። እዚያ ሆነሽ ምን ብለሽ ታለቅሻለሽ ብየ አላረዳሁሽም። ወንዶቻችን ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው ነበር። እድሩ እንደሆነ እኛን ሸክላ ሠሪዎችን "ቡዳ" እያለ አይመዘግብም፤ ድንኳንም ቃሬዛም አይሰጥም። ምነው፣ በኛ ምጣድ እየጋገሩ ሬሳችንን ይፈሩታል? እኛው ሴቶቹ እንጨት አጋድመን፣ እየተፈራረቅን ተሸክመን ቀበርናት። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም አይተሽ ታውቂያለሽ?

ከቀብር ስንመለስ ጎረቤቴ ሐረገወይን፣ ያቺ ምላሰኛ፣ "ሬሳ የተሸከመ ትከሻ ከእንግዲህ ለነሱ እንስራ አይሸከምም" አለች። የንዴት ወሬ መስሎኝ ነበር፤ እውነቷን ኖሯል። እድሩ እንደ ሰው እስኪቆጥረን አንዲት ድስት ገበያ እንዳትወጣ ተማማልን። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ጠላውን በፕላስቲክ በርሜል ጠመቁት፤ ምጣዱን ግን ከየት ያምጡት? እኛም ተርበናል፣ አልዋሽሽም፤ ቆሎ ቆርጥመን ያደርንበት ቀን ብዙ ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ እድሩ እሺ አለ። ትናንት አንድ በአንድ እየቆምን ስማችንን፣ ስንሞት መርዶ የሚነገራቸውንም ልጆቻችንን በጉባኤው ፊት እንድንናገር ተባለ። ደስ ብሎኝ ነጠላየን አጥቤ ሄድሁ። ቀና ስል ከሽማግሌዎቹ መሐል የባልሽ አጎት፣ አያ ገብረ ኢየሱስ ተቀምጠዋል፤ ለዘመድ ሠርግ ከአዘዞ መጥተው ነው። ሠርግሽን ከመንገድ ማዶ ቆሜ ሳይ ከሙሽራው ጎን ስለነበሩ አልጠፉኝም።

ሐረገወይን ልጆቿን አንድ ሳታስቀር ጮክ ብላ ጠራች። ተራው የኔ ሆነ።

"ልጆችሽስ?" አሉኝ ሽማግሌዎቹ።

"ልጅ የለኝም" አልሁ።

ሴቶቹ ሁሉ ያውቁሻል፤ አንዲትም ትንፍሽ አላለች። መንገድ ላይ ግን ሐረገወይን፣ "ለዚህ ነው የተራብነው?" አለችኝ። ተናድጃለሁ፤ በሷም፣ በራሴም፣ ባንችም። ለባልሽ "እናቴ ሞታለች" ማለትሽን አልረሳሁትም። ቢሆንም ትዳርሽ በኔ አፍ አይፈርስም።

እንግዲህ ስሞት እድሩ በወግ ይቀብረኛል፤ አንችን የሚያረዳሽ ግን የለም። ስለዚህ ስሚኝ። ነጋዴዋ ይመኙሽ በየፋሲካው የምታደርስልሽ ድስት አለ አይደል? እሱ የቀረ ዕለት እኔ የለሁም ማለት ነው። ያን ጊዜ እሳት አንድደሽ ከምድጃው ሥር ቁጭ በይና አልቅሽ። ምነው ቢሉሽ፣ ጭሱ ነው በያቸው።

የዘንድሮው ተሠርቶ እየደረቀ ነው፤ አይዞሽ።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ፤ እኛም እንፈራዋለን።

እናትሽ አበቡ