ከቀሚሷ እጥፋት የወጣው

ልጄ፣ አካሌ፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ ሰው አገር ሰው አያሳጣሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ስልኩን ስለምትዘጊብኝ ነው መጻፌ።

ልጅሽ ቁመት ጨምራለች። በሽታዋ ግን አሁንም ይጥላታል። በቀደም ስትወድቅ ግንባሯን የስፌት መኪናዬ ብረት መታት፤ ብረቱን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

«በጸሎት ትድናለች፤ መድኃኒት እንዳትሰጫት» ያልሽኝን አልረሳሁም። ሐኪሙ ግን «እያሳደጓት ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ይወስኑ» ሲለኝ ኪኒኑን ተቀብዬ መጣሁ። ብትቆጪም ቻይኝ። እኔም እኮ እጸልያለሁ፤ ኪኒኑ ጸሎቴን አላስተወኝም።

በየቀኑ በእጄ እሰጣታለሁ፤ በውሃ ስትጠጣ አያታለሁ፤ መውደቋ ግን አልቀረም። ትናንት ቀሚሷ ስላጠራት ላስረዝመው ብዬ የታችኛውን እጥፋት ስተረትር፣ ከአፏ እያወጣች የሸጎጠቻቸው ኪኒኖች እግሬ ስር ዝርግፍ አሉ።

አልተቆጣኋትም። «ለምን፣ የኔ እናት?» አልኳት።

«ከዋጥኩት እማዬ ‹አላመንሽም› ትለኛለቻ!» አለችኝ።

እኔና ሐኪሙ የወሰንን መስሎን ነበር። ለካ እሷ የምትጠብቀው ያንቺን ቃል ነው። አዲሱን እጥፋት ድርብ አድርጌ ሰፍቼዋለሁ፤ ልጅ ግን መደበቂያ አያጣም።

ከእኔ ጋር መጣላት ካማረሽ አለሁልሽ፣ የትም አልሄድም። ለእሷ ግን እባክሽ ደውዪና በራስሽ አፍ «ዋጪው፣ አልቀየምሽም» በያት።

ፈጣሪ አንቺን ለእሷ፣ እሷንም ላንቺ ያቆይልኝ።

እናትሽ