ቢሮው ያመሰገነበት ደብዳቤ

ረቡዕ

ለማንም ተናግሬ የማላውቀው ይኼ ነው፦ ከዓመታት በፊት አልማዝን ያታለላትን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ያው ደብዳቤ ተመልሶ መጣ። ሰናይት፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ ሐፍላ፣ ያው የከተማው አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ሰጠችኝ። "እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡልኝ።" ወደ ካናዳ የሚልካት ቢሮ የጻፈላት ነው አለች። አምጪው ጋሽ ደምሴ። ዓርብ በማኅበራችን ላይ ዋናውን ይሰጣታል፤ እሷ በጣቃዋንና የእናቷን የወርቅ ጉትቻ ታስረክበዋለች። ያለዚያ የስደተኛ መታወቂያ እዚህ አገር ፖሊስ ፊት ምን እንደምትሆን እሱም ያውቃል።

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ "በትዕግሥት ስለጠበቁ ቢሮው ከልብ ያመሰግናል" ይላል። የኔ ዓረፍተ ነገር። ያኔ ኮርቼበት ነበር። ስደተኛን ያመሰገነ ቢሮ የት አለ? ደምሴ ይኼን ሁሉ ዓመት ሲዘርፍ አንዲት አዲስ መስመር እንኳ መጨመር አቅቶታል።

ሐሙስ

ለሰናይት ደውዬ ለደምሴ ምንም እንዳትሰጠው ነገርኳት። "በማርያም ምሎልኛል። ደሞ እርስዎ እንደማይወዱት ነግሮኛል" አለችኝ። ቀድሞኛል። አልጋዋን ሸጣለች።

አልማዝም ሸጣ ነበር። ሻንጣዋን በር ሥር አቁማ ሁለት ክረምት ሰሌን ላይ ተኛች።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍለት ደምሴ ትርጉም ነው ሲለኝ አምኜው ነበር። የአልማዝን ስጽፍ ግን አውቅ ነበር። ፊደል በራሴ የለየሁትን ሴት "መምህርት" ብሎ ጠራኝ፤ ለዚያች ቃል ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ

አል-ሳሃፋ፣ ማኅበሩ ያለበት ቤት። ደምሴ ዘግይቶ መጣ፤ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ፖስታውን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ይዞ። በጸሎቱ የሱ ድምፅ ከሁላችንም በላይ ነበር። ከዚያ "ያላ፣ የልጃችንን ደስታ አብረን እንስማ" አለ።

ፖስታውን ሳይከፍተው እኔ ጀመርኩ። ግድግዳውን እያየሁ ደብዳቤውን፣ በሰናይት ስም ቦታ የአልማዝን እየጠራሁ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ምስጋናው በቃሌ ተወጣሁት።

ሰናይት ፖስታውን ከእጁ ወስዳ ከፈተች። በጣቷ እየተከተለች፣ እየተደናቀፈች አነበበችው። ስሟ ሲቀር ሁሉም ያው ነበር። ሴቶቹ ወደ ደምሴ ዞሩ።

"ወላሂ፣ ይቺ ሴትዮ አእምሮዋ ተነክቷል" አለ። ማርያምን በድንጋጤው ረሳት። ዳቦው እስኪቆረስ እንኳ አልቆየም።

ሰናይት በጣቃዋን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዘጋች። "እንዴት በቃልዎ ያዙት?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ብዙ ደብዳቤ አንብቤአለሁ" አልኳት።

ፈሪ። እሱን እየናቅሁ፣ በዚያው አፍ ዋሸሁ።

እሑድ

ሰናይት ደወለች። ልሄድ ነው ብትላትም ማዳሟ ከሥራ አላስወጣቻትም። ጉትቻውም ጆሮዋ ላይ ነው። ትርፍ ፍራሼን ትወስዳለች።

አልማዝ ግን ከከተማው ዳር ሶባ ተቀምጣ ዛሬም "ጉዳዬ ገና አልተዘጋም" ትላለች አሉኝ። እስካሁን እየጠበቀች ነው። ደምሴ እንደ ቆሻሻ የትም ይውደቅ፤ እሷን ያስቀመጠቻት የኔ እጅ ናት።

እነዚህ ገጾች ለአልማዝ ናቸው። ማንበብ አትችልም፤ ያንንም ደብዳቤ ያነበብኩላት እኔ ነበርኩ። ነገ በጠዋቱ ሐፍላ ሶባ ሄጄ ይኼንንም አነብላታለሁ።