ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ የደረሰው ድንኳን

ለክቡር አቶ ስብሐት
የ«ደጃፌ» ድረ ገጽ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የጎብኚዎችዎን ቁጥር ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በጉለሌ የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር አባላት፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከሞቱብን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት ባለፈው ማክሰኞ ከአዲሱ ገበያ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ የድርጅትዎ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ቲሸርት የለበሰ አንድ ባልደረባዎ ከፊቴ ተቀምጦ በስልክ «ባክህ አትጨነቅ! ገጹን ሰዎቹ ራሳቸው ይሠሩታል፤ የኛ ሥራ ደንበኞቻችንን መሀል መሀሉ ላይ ጣል ጣል ማድረግ ነው። በቃ። ማንም አይጎዳም» ሲል ስለሰማሁ ነው። እኔ ባለሙያ የተናገረውን የማምን ሰው ነኝ። ማንም እንደማይጎዳ ካረጋገጥኩ በኋላ፣ በሰፈራችን የደረሰው ነገር ጉዳት ሊሆን እንደማይችል ገብቶኛል። ታዲያ ጉዳት ካልሆነ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ባለማወቄ፣ እርስዎ ስም እንዲያወጡለት የሆነውን ሁሉ በተራ ቁጥር ከፋፍዬ ማቅረቡን መርጫለሁ።

ማንነቴን ላስተዋውቅ። የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። «ደጃፌ» ከመምጣቱ በፊት የእድራችን መገናኛ የጋሽ ቶለሳ ጥሩንባ ነበር። የጥሩንባው ጉድለት የታወቀ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ አይሰማም፣ ዝናብ ሲሆን ይታፈናል፣ ጋሽ ቶለሳም ጉንፋን ሲይዛቸው የሞተውና የታመመው አይለይም። ሆኖም በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጋሽ ቶለሳ የሟች ስም ጠርተው ሳይጨርሱ የፕላስቲክ ወንበር ሲያስተዋውቁ አልሰማናቸውም።

አምና በኅዳር ባልደረባዎ ወይዘሪት ሐመልማል በወር ስብሰባችን ላይ ተገኝታ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀውን እየጻፈ የራሱን ገጽ በነጻ መሥራት እንደሚችል፣ የሰፈሩ እውቀትም በዚህ መንገድ ለልጅ ልጅ እንደሚቆይ አስረዳችን። ልጅቷ ትሑት ናት፤ ሽማግሌ ሲገባ ከወንበሯ ትነሣለች። አመንናት። የመጀመሪያውን ገጽ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

አንደኛ፤ ስለ ጽሑፎቻችን መሻሻል።

የእድሩን አመሠራረት በጻፍኩበት ገጽ ላይ «መሥራቾቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተማከሩ» ብዬ ነበር። በሳምንቱ ስመለከተው «መሥራቾቹ፣ ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው ምቹና የማይሰበር ወንበር ባለመኖሩ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተማከሩ» ሆኗል፤ ወንበሩን የነካ ሰው በቀጥታ ወንበር ሻጩ ዘንድ ይደርሳል። አባቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ስለነበሩ፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጡበትን ምክንያት በዚህ ዕድሜዬ በማወቄ አመሰግናለሁ። ስለ ዐቢይ ጾም ሥርዓት የጻፉ አንዲት እናታችንም በጽሑፋቸው ወገብ ላይ የክትፎ ቤት በቅሎባቸዋል። ክትፎ ቤቱ «ለፋሲካ ይምጡ» ቢል ይቅር በለን ባለፍነው፤ «ዛሬውኑ» ነው የሚለው።

አርባ ዓመት በሽሮ ሜዳ ሸማ የሠሩት አቶ ሾዴ ደግሞ፣ የእጅ ሥራ ጋቢ ከፋብሪካው በምን እንደሚለይ፣ ጥለቱን ገልብጦ ማየት ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሁለት ሙሉ እሑድ ተቀምጠው ለልጃቸው እየነገሩ አጽፈው ነበር። ያን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ የታችኛዋን መስመር የተጫነ ሰው ራሱን የሚያገኘው አንድ ደንበኛችሁ ሱቅ ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚሸጠውም አቶ ሾዴ «ከዚህኛው ተጠንቀቁ» ያሉት ጋቢ ነው። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ምን ቸገረህ፣ አንብቦ ከመጣማ መለየት ይችላል» አሉኝ። እንዲህ ዓይነቱን ቅን ሰው በነጻ ማግኘት ለድርጅትዎ ምን ያህል በረከት እንደሆነ ሳስበው እደነቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍጥነታችሁ።

ምናልባት በቢሮዎ አካባቢ ልማዱ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ እኛ ሞትን ስለምንናገርበት ኋላ ቀር አሠራር ጥቂት ላስረዳዎ። ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለጎረቤት ነው። ጎረቤት ሰምቶ ይደብቃል። የሟች የቅርብ ዘመድ በዚያ ቀን እንደ ልማዱ ይውላል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል፤ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ ደግፈው የሚይዙ ሁለት ጠንካራ ሰዎች አስከትለው በሩን የሚያንኳኩት በማግስቱ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ትርፉ ለአንድ ሰው የአንዲት ሌሊት እንቅልፍ ማትረፍ ነው። ከእናንተ ጋር ሲወዳደር ገበያ እንደማያወጣ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር፣ አርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከጅማ ተደወለልኝ። የእድራችን አባል የወይዘሮ ሠርካዲስ ብቸኛ ወንድም፣ ሾፌሩ አቶ ደበላ፣ ምሳቸውን በልተው ጋደም እንዳሉ ቀርተዋል። እትዬ ሠርካዲስ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልባቸውን ያማቸዋል፤ የሚኖሩትም ብቻቸውን ነው። ስለዚህ ለቅዳሜ ማለዳ ቀጠሮ ይዘን፣ ሽማግሌዎቹ እንዲዘጋጁ ዜናውን በገጻችን ላይ «ለአባላት ብቻ» በተባለው ክፍል ጻፍኩት። እትዬ ሠርካዲስ ወንድማቸው ባለፈው ፋሲካ የገዙላቸውን ስልክ ከማንሣትና ከመዝጋት በቀር ለሌላ ጉዳይ ነክተውት ስለማያውቁ፣ ያዩታል ብዬ አልሰጋሁም። ክፍሉም ለአባላት ብቻ ነው ተብሎ ስለተጻፈበት፣ ለአባላት ብቻ መሰለኝ። ይህ የራሴ ጥፋት ነው፤ በማንም አላሳብብም።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጽሑፌ «ሐዘን በጉለሌ! ስለ ሾፌሩ ደበላ ማወቅ ያለብዎት አምስት ነገሮች፤ አምስተኛው ያስለቅስዎታል» በሚል ርእስ አደባባይ ወጣ። ፎቶም ተገኘለት፤ አቶ ደበላ አንድ ዓመት በእንግድነት ከተገኙበት፣ እኔው ካስቀመጥኩት የዓመታዊ ስብሰባ ፎቶ ላይ፣ ከአርባ ሰው መካከል ፊታቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የጎረቤታቸው ትከሻ እንኳ አልቀረም። ነገሮቹን ከኮሚቴው ጋር ሆነን ቆጠርናቸው፤ አራት ናቸው። አምስተኛው የድንኳን ኪራይ ማስታወቂያ ነበር። ርእሱ ግን አልዋሸም፤ አምስተኛው አስለቅሶናል።

ሦስተኛ፤ ስለ ድንኳኑ።

ወይዘሪት ሐመልማል «ስልክ ቁጥር ያለው ገጽ ይበልጥ ይታመናል» ስላለችኝ፣ የአባላቱን ስልክ አንድ በአንድ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ደንበኛዎ የድንኳን አከራይም ገጹን አምኖ፣ ከአመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለእትዬ ሠርካዲስ ደወለ። እሳቸው በዚያ ሰዓት ወፍጮ ቤት ተራ ይዘው ነበር። ሰውዬው «እግዜር ያጥናዎ» ማለት ከአገልግሎቱ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ፤ «እማማ፣ ድንኳኑ ነገ በስንት ሰዓት ይድረስልዎ? ባለ ስልሳ ሰው ይበቃዎታል ወይስ ባለ መቶ?» አላቸው።

«የምን ድንኳን ልጄ? ተሳስተሃል፣ እኔ ድግስ የለኝም» አሉ።

«የወንድምዎ የአቶ ደበላ ነው እንጂ እማማ።»

አቶ ደበላ ሚስታቸው ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። እህታቸው በመጡ በሄዱ ቁጥር «አንድ ሰው ፈልግ፣ ብቻህን አታርጅ» እያሉ ሲነዘንዟቸው ኖረዋል። ስለዚህ እትዬ ሠርካዲስ የሰሙትን በገባቸው መንገድ ተረዱት። ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ፣ ከወፍጮው ድምፅ በላይ እየጮኹ፣ ተራ ለያዙት ሴቶች «ኧረ ጉድ ስሙ! ደበላ በስተርጅናው ሊያገባ ነው! ለኔ ሳይነግር ድንኳን ይዟል፣ ይሄ ሌባ!» አሉ። ሴቶቹም እልል አሉ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ እልልታውን ደንበኛዎም በስልኩ ውስጥ ሰምቶታል። ግራ ገብቶት «አይ እማማ፣ ሰርግ አይደለም፤ ቆይ ገጹን ልላክልዎ» አለና ላከላቸው። እትዬ ሠርካዲስ እንዴት እንደሚከፈት ስለማያውቁ፣ ከኋላቸው የቆመችው ሴት ተጭና ከፈተችላቸው። እሳቸው የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናቸው፤ ጮክ ብለው ነው የሚያነቡት። ርእሱን ጮክ ብለው አነበቡት። ባለ ወፍጮው ወፍጮውን አጠፋ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቀጠሮ ቀጠሮ ነውና፣ ሽማግሌዎቹ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሄዱ። ደጋፊዎቹም፣ እኔም ነበርኩ። ወሬውን አልሰማን ሆኖ አይደለም፤ ሌላ የምናውቀው አካሄድ ስለሌለን ነው። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ሠርካዲስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። የሽማግሌዎቹ አለቃ የተዘጋጁበትን ቃል ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሳቸው ቀና ብለው «ቀደሟችሁ» አሉ። እንደ ስሌቴ የቀደማችሁን በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ለዚህ ፍጥነት እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛ፤ ስለ ላካችሁልን የምስጋና ወረቀት።

ባለፈው ሳምንት ፊርማዎ ያረፈበት፣ ባለ ወርቃማ ዳር ወረቀት ደርሶናል። በወሩ ውስጥ በጉለሌ ከተሠሩት ገጾች ሁሉ በብዛት የተጎበኘው የእኛው፣ ማለትም የአቶ ደበላ ሞት፣ መሆኑን ገልጸውልናል። በተለይም «በየማለዳው ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድል የሚገባ ታማኝ ጎብኚ» ማግኘታችሁን፣ ይህንንም ለደንበኞቻችሁ እንደ አብነት እያሳያችሁ መሆኑን፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ካሳወቅናችሁ ቲሸርትና ጃንጥላ እንደምትሸልሙት ጽፈዋል። ጉዳዩ በኮሚቴያችን ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ቶለሳ «ራሱ ድንኳን ነጋዴው ይሆናል፣ ዕቃውን ሊያይ ነዋ የሚገባ» አሉ። እኔ በበኩሌ ኮምፒውተር ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ሠላሳ ቀን ሙሉ እዚያ ገጽ ላይ ምን የሚያደርግ ሰው ይኖራል?

ክቡር ሆይ፤ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። የሚመጣው እሑድ የአቶ ደበላ አርባ ነው። ያ ገጽ ከነርእሱ፣ ከነፎቶው፣ ከነድንኳኑ ከእሑድ በፊት እንዲጠፋ፣ እትዬ ሠርካዲስ የወንድማቸውን ተዝካር ያ ገጽ በሌለበት ዓለም ያወጡ ዘንድ፣ በእድሩ ስም እጠይቃለሁ። የወንበሩን፣ የክትፎውንና የጋቢውን ነገር ለእርስዎና ለኅሊናዎ ትቼዋለሁ፤ ሁለታችሁ በተገናኛችሁ ጊዜ ተነጋገሩበት።

የድርጅትዎን ዕድገት ከሩቅ ሆኜ በመመኘት፣ ከእኛ ሰፈር ግን ፈጣሪ በቸርነቱ እንዲያሻግርልዎ በመጸለይ፣ ከእንጦጦ ማርያም ደጅ እስከ ወንዛችን ድረስ ባለው አየር ልክ የሆነ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ አሁንም የእርስዎው የጽሑፍ አቅራቢ ሆኜ የምቆይ፣

ሶሬሳ ባጫ
የወንዝ ማዶ መረዳጃ እድር ጸሐፊ፣ ጉለሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስማቸው ስላለበት፣ ደብዳቤውን ከማውጣቴ በፊት ለእትዬ ሠርካዲስ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ጥሩ ነው ሶሬሳ። ይጥፋ ያልከውን ግን ሰርዝልኝ» አሉ። አቶ ደበላ የፎቶ ነገር አይሆንላቸውም ነበር፤ እህታቸው ቤት ውስጥ አንድም ፎቷቸው የለም። አሳትሜ ላምጣልዎ ብላቸው «እሱ በገዛልኝ ስልክ ነው የማየው» አሉኝ። ስለዚህ ጥያቄዬን አንሥቻለሁ፤ ገጹ ይቆይ።

ቲሸርቱን በተመለከተ፣ ጥቁር ካላችሁ ይልበሱታል፤ መጠናቸው ትንሹ ነው። አከፋፈቱን ከወፍጮ ቤቷ ሴት ተምረዋል። ሽማግሌዎቹ በሄዱባት ሰዓት ተነሥተው ይከፍቱታል። ማስታወቂያው አሁን ፎቶው ላይ ስለወጣ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ድንኳኑ ነው፤ እሱን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ ያደርጉና ወንድማቸውን ያያሉ።