ዮናታን ቁልፉን የመለሰ ቀን

ሐሙስ
ለመላው የተዋሂ ነዋሪ ይታወጃል፦ ዛሬ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የግራ ነጠላ ጫማዬ ማሰሪያ ከረጅም ሕመም በኋላ ተበጥሷል። ለቅሶ መድረስ ክልክል ነው።

የሚያስለቅሰውስ ሌላ ነው። ወዳጄ ተሰማ፣ እዚህ ዐረብ አገር ያቋቋምነው የዕድራችን ዳኛ፣ ከሞተ ወዲህ የዕድሩን አዳራሽ ቁልፍ የያዘው የወንድሙ ልጅ ዮናታን ነው። ገና ጎረምሳ። እኛ ሽማግሌዎቹ «ልጅ ነው፣ እንመራዋለን» ብለን በአጎቱ ስም አስቀመጥነው። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ የተጠለሉትን፣ በጀልባ ባሕሩን ተሻግረው የመጡትን አራት የአገራችንን ሴቶች «ዕድሩ ሆቴል አይደለም፣ ውጡ» አላቸው። አንዷ ዘቢባ ነፍሰ ጡር ናት፣ ዛሬ ነገ የምትል። ወዴት ትሂድ?

ዓርብ
መብራት የለም። ሙቀት። የልጅ ልጄ ሜሮን ደረጃው ላይ በካርቶን እያራገበች «አባባ፣ የሆነ ነገር አውራ» አለችኝ።

አውግስጦስ ቄሳርን ነገርኳት። ስሙን በልደት ወንጌል ሰምታዋለች፣ እንዴት እንደነገሠ ግን አታውቅም። በሽተኛ፣ ከሲታ ልጅ ነበር። የሴት አያቱ ወንድም፣ ታላቁ ቄሳር፣ ሲገደል ስሙን አወረሰው። የሮም ሽማግሌዎች «ልጅ ነው፣ እንጠቀምበትና እንጥለዋለን» አሉ። እሱ ጣላቸው። ተቀናቃኞቹን ከጨረሰ በኋላ ሸንጎ ፊት ቆመና «ሥልጣኑን መልሼላችኋለሁ» አለ። እየተሻሙ ለመኑት። ተለመነና ነገሠ።

«ለምን ‹እሺ፣ አምጣ› አላሉትም?»
«አንቺ ብትሆኚ ቀድመሽ ትናገሪያለሽ?»
«በደንብ ነዋ!»
«አስተማሪዎችሽ የሚሸሹሽ ለካ ለዚህ ነው።»
በካርቶኑ መታችኝ።

ቅዳሜ
ስብሰባ። ሴቶቹ ይቆዩ አልኩ። ጥቂት ሰዎች ደገፉኝ። ዮናታን ተነሥቶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «አባቶቼ፣ ካላመናችሁኝ ኻላስ፣ በቃኝ። ተረከቡኝ።»

ለራሴም፦ አምጣ በለው፣ አንተ ሽማግሌ! ብድግ አልኩ። ለካ ሁሉም ብድግ ብሏል። «ኧረ በእመቤቴ!» «አፈር ስሆን!» «የአጎትህ አጥንት ይፋረደናል!» እኛ ዘንድ «በቃኝ» ያለ ሰው ካልተለመነ ተሰደበ ማለት ነው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ሆነ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው «ተው ልጄ፣ አይሆንም» ነው። እኔው! ትናንት ያን ሁሉ ያወራሁት!

ዮናታን ቁልፉን አነሣ። «እንደ ቃላችሁ ይሁን። ነገ አዳራሹ ይዘጋል።»

እሑድ
ተዘጋ። ሦስቱ ሴቶች ወደ ሳዑዲ መንገድ ወጡ። ዘቢባን ሜሮን እጇን ይዛ አመጣቻት፣ አልጋዋንም ለቀቀችላት። ጎረቤታችን አዋላጇ ሆዷን ዳስሳ «ኢንሻላህ፣ ቀርቧል» አለች።

ሜሮን «አንተም ለመንከው?» አለችኝ። የተበጠሰውን ነጠላ ጫማዬን አንሥቼ መስፋት ጀመርኩ።

ነገ ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ላነጋግራቸው ነው። ለየብቻቸው ሲሆኑ ሁሉም ጀግኖች ናቸው። ይሆን ይሆን?

ዘቢባን ላጫውታት ብዬ የቄሳሩን ነገር ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አልሳቀችም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። «አባቴ፣ እነዚያ የለመኑት ሰዎች ነገ በእሱ ሥር የሚያድጉ ልጆች አልነበሯቸውም?» ነው ያለችኝ።