አራት ሰዓት የሚለው ቦታ

ይድረስ ለወንድሜ ለይስማው ገብረ ሚካኤል፤ ዱባይ።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ጀልባ ሆድ ውስጥ ተኝተህ ሽቦ ስትጎትት የሚይዝህ ወገብህ ተሻለው ወይ? በሙቀቱ የሚደማው አፍንጫህስ? እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጠዋት ሱቄን እከፍታለሁ፣ የሰው ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። እበላለሁም። መብላቴ ራሱ ይገርመኛል።

አባባ ስልክህን ለምን እንደማያነሱ፣ እምዬም አንስታ ለምን ቶሎ እንደምትዘጋ፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ስታስጠይቅ ሰንብተሃል። ለፋሲካ እመጣለሁ ማለትህንም ሰምቻለሁ። በስልክ የማይነገር ስለሆነ በወረቀት ጻፍኩልህ። የምታደርስልህ ሩሃማ ናት፤ ለሥራ ወደዚያ የምትሄደው የጎረቤታችን ልጅ። እንዳትከፍተው አስምያታለሁ።

የካቲት ላይ የወንድማችን የታረቀኝ አርባ ሲወጣ አምበር ከተማ ያለው ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሰዉ በልቶ ሲያበቃ አባባ መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። "ይስማው ደጄን ቢረግጥ፣ በሬሳዬም ላይ ቢቆም፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ገዝቻለሁ" አሉ። የቄስ ግዝት ነውና፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው አጎታችን ኃይለ ሚካኤል እንኳ አንገቱን ደፋ። እኔ ጋኑ አጠገብ ቆሜ ጠላ እቀዳ ነበር። መቅዳቴን ቀጠልኩ።

አሁን የምታውቀውን ልድገምልህ፤ የማታውቀው መካከሉ ላይ ስላለ ነው። ባለፈው ጥቅምት አቶ አስማማው፣ ታረቀኝ ጣና ላይ የሚነዳላቸውን የመዝናኛ ጀልባ ዕቃዎች እንዳድስላቸው ለመኑኝ። ጥልቀት መለኪያው አሮጌ፣ ጂፒኤሱም አሮጌ፣ ሁለቱም ለየብቻቸው የሚያወሩ ነበሩ። አንተ አዲሱን ስክሪንና አሮጌዎቹን ከእሱ ጋር የሚያገናኘውን መቀየሪያ ላክህ፤ እኔ ሱቄን ዘግቼ ባሕር ዳር ወረድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ እየጮህክብኝ ሠራን። በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ መዝጊያውን መሰካት ረስቼ ዕቃዎቹ አንተዋወቅም ሲሉ፣ "አንቺ እዚያው ሬዲዮሽን ስትነካኪ አርጂ" ብለህ ሳቅክ። ታረቀኝም አብሮህ ሳቀ። በኋላ ሁሉም በአንድ ገመድ ተያይዘው ጥልቀቱም መንገዱም ሰዓቱም አንድ ስክሪን ላይ ሲወጣ ሳቅህን ተውክ። ከዚያ "ሰዓቱን እንዳለ ተይው፣ እንዳትነኪው" ብለህ ዘጋህ።

ነካሁት። በማግስቱ ታረቀኝ "እታለም፣ ይኼ የፈረንጅ ሰዓት ያምታታኛል፤ በእኛ አድርጊልኝ" አለኝ። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት። ሁሉም በአንድ ገመድ ታስረዋልና አሮጌዎቹም ተከተሉ። በሥራዬ ኮራሁ። አቶ አስማማው ውሃ ስለሚፈሩ ጀልባዋ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ስለዚህ ከታረቀኝና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ላንተም አልነገርኩህም። ደግመህ እንድትስቅብኝ አልፈለግሁም።

በጥር ታረቀኝ ብቻውን ነዳጅ ሊቀዳ ወጥቶ ሲመለስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ደወለልኝ። ሞተሩ ሣር ጠቅልሎ መቆሙን፣ ነፋሱ መክበዱን፣ ውሃ ውስጥ ወርዶ ሊፈታው መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀልባዋ ባዶዋን በነፋስ ስትገፋ ተገኘች። ስክሪኑ የዕለቱን መንገድ ከነሰዓቱ መዝግቧል። ማወቅ የቀረው፣ ታረቀኝ በደወለበት ሰዓት ጀልባዋ የት እንደነበረች ብቻ ነው። ዐዋቂው አንተ ነህና አቶ አስማማው የስክሪኑን ፎቶ ላንተ ላኩ። አንተም ከሁሉ በፊት ለእኔ ደወልክ። "ሰዓቱን አልነካሽውም አይደል?" አልከኝ። እኔ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ እየጠቀጠቅሁ "አልነካሁም" አልኩህ።

በድንጋጤ ረስቼው ነው እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ።

የእኛ አሥር በፈረንጅ አራት ነውና፣ አራት ሰዓት የሚለውን ቦታ ፈልገህ ነገርካቸው። ጀልባዋ ግን እዚያ የነበረችው ጠዋት በእኛ አራት ሰዓት ነው፤ ስክሪኑ ጠዋትና ማታን አይለይም። ሰዎቹ በምሥራቁ ዳርቻ ሲፈልጉ አደሩ። ታረቀኝ በምዕራቡ በኩል፣ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ወገቡን በቀበቶው ከቁጥቋጦ ጋር አስሮ ይጠብቃቸው ነበር። እኔ በማግስቱ አውቶብስ ውስጥ አንዷ ሴትዮ ስንት ሰዓት ነው ብላ ስትጠይቅ ሰማሁና ያኔ ገባኝ። ደውዬ አሥር ሰዓት ወደሚለው ቦታ ላክኋቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ሲደርሱ ብብቱ ገና ሞቅ ያለ እንደነበር አቶ አስማማው ነግረውኛል። ይህን እኔ ብቻዬን ሳውቀው እንዳልኖር ብዬ ነው የምነግርህ።

አባባ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን አሳሳታቸው አሉኝ። ይስማው አልኳቸው። ቦታውን የነገርካቸው አንተ ነህና ውሸት አልተናገርኩም። የጎደለውን ግን አልሞላሁም፤ አልሞላውምም።

እጅግ ትናደድብኛለህ፤ ተናደድ። አንተ ከሄድክ አሥር ዓመትህ ነው። የአባባን እግር የማጥበው፣ እምዬን ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ። አንተን የሚገዝት አባት ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ እኔን ቢገዝቱኝ ግን የማድርበት አገር የለኝም። እምዬም ከሦስት ልጆቿ በእጇ የቀረኋት እኔ ነኝ፤ እኔንም ውሰድባት ካልክ እወቅበት።

እምዬ ወለተ ኪዳን ተደብቃ ሰላም ብላሃለች። ፎቶህን ከግድግዳ ብታወርደውም አልጣለችውም፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አኑራዋለች። ኃይለ ሚካኤል ሰው በሌለበት ስምህን ያነሳል። የታረቀኝ ሚስት ሔዋን ስምህ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች። አባባ ሰላም አላሉህም።

አቶ አስማማው አዲስ ነጂ ቀጥረው ዕቃዎቹን መጥተሽ ፈትሺልኝ ብለውኛል። የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ሰዓቱንም አንተ ተይው ወዳልከው እመልሰዋለሁ፤ የተመዘገበው መንገድ ሰዓትም አብሮ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ስክሪኑን የከፈተ ሁሉ አራት ሰዓት የሚለውን ቦታ በምዕራቡ በኩል ያገኘዋል። ዕቃው ራሱ ይመሰክርብሃል። ፎቶው ሰዓቱን ማን እንደነካው አይናገርም፤ እኔን የሚከሰኝ በዓለም ላይ ይህ በእጅህ ያለው ወረቀት ብቻ ነው። ልከህ ልታሳያቸው ትችላለህ። እንደማታደርገው ግን አውቃለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ከእኔ ደጉ አንተ ነህ። ባላውቅ ኖሮ አልጽፍልህም ነበር።

ለፋሲካ አትምጣ።

እታለምህ ፅጌ
ደብረ ማርቆስ፤ መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.