የብርጭቆው ማሰሮና የደምበጫው ድስት

ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡30

ጓንት፣ መነጽር፣ የጎማ ቦቲ። ሁሉንም ፈትሼ ለልጄ ለሰላማዊት አስረክቤያለሁ። ልጄና አምስት ባልንጀሮቿ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሳሙና ያመርታሉ። እስከ ዛሬ በትንሽ በትንሹ ነበር፤ አሁን ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ኮስቲክ ሶዳውን በውኃ የሚያሟሙበት ትልቅ ዕቃ ያስፈልጋል። እርሷ የማይዝግ ብረት ይሁን ትላለች፤ እኔ ብርጭቆ እላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ።

ደብተሬ ሆይ፣ ለአንተ ልንገርህ፦ የምፈራው የማይዝግ ብረት ብለው አሉሚኒየም እንዳይሸጡልን ነው። ሶዳው ይበላዋል፤ እየፈላም ሃይድሮጅን ያወጣል፤ እሳት ካገኘ ይነድዳል። በዕቃው ላይ የምታጎነብሰው ልጄ ናት።

ኅዳር 6፣ 10 ሰዓት

ከደምበጫ ገበያ መመለሴ ነው። ሰላማዊት ወ/ሮ ዘይነባ ከሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ትልቅ ድስት መርጣ ቆየችኝ። የማይዝግ ብረት ነው ተባለ። ማግኔት አውጥቼ አስጠጋሁ። አልያዘም። አሉሚኒየም ነው ብዬ ፈረድሁ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ገበያተኛው ተሰበሰበ።

ወ/ሮ ዘይነባ አልደነገጡም። “ጋሼ፣ ማግኔትዎ እኔንም አልሳበኝ፤ እንግዲያስ እኔም አሉሚኒየም ነኛ!”

ሳቁብኝ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር። ፊቴ ጋለ። አታላይ አልኳቸው።

ሰላማዊት ድስቱን እያነሣች “አባዬ፣ ክብደቱን ይዩት እንጂ” አለችኝ። ዝም በይ አልኳት። አፈ ሰፊ የብርጭቆ ማሰሮ ይዘን ተመለስን። ወፍራም ነው። ይችላል።

ኅዳር 10፣ 5 ሰዓት

ተሰነጠቀ።

ሶዳው ሲሟሟ ሙቀቱ ባንድ ጊዜ ወጣ፤ የማሰሮው ታች ከጎኑ ተለየ። ፈሳሹ ወለሉን ሞላ። ሰላማዊት ፊት ለፊቱ ቆማ ነበር። ቦቲው አዳናት። ብዙ ውኃ አፈሰሱበት። የተጎዳ የለም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ትርንጎ፣ እግሯን ደጋግማ እያየች “ጋሼ፣ ፈተናው እኛ ላይ ነው እንዴ?” አለች። ሌሎቹ ሊስቁ ፈለጉ፤ አልቻሉም። ምናልባት ማሰሮው ቀድሞ የነቃ ነበር አልኩ። ሰበብ ነው። ወፍራም ብርጭቆ ድንገተኛ ሙቀት እንደማይወድ አሳምሬ አውቃለሁ። ሰላማዊት በጓንቷ ስብርባሪውን ትለቅም ጀመር።

ኅዳር 12፣ 11 ሰዓት

ከሰላማዊት የስልክ መልእክት። ሌላ የብርጭቆ ማሰሮ ገዝታለች፤ ነገ ጠዋት ይጀምራሉ፤ እርስዎ ካሉ ይሁን ትላለች። ሁለት የፊደል ግድፈት አለው። አላረምሁም።

ብትከራከረኝ ይሻል ነበር።

ማግኔቱን ወደ ሻይ ማንኪያዬ አስጠጋሁ። አልያዘም። ማንኪያው ግን የማይዝግ ብረት ነው፤ ከጋብቻችን ጀምሮ ውኃ ውስጥ ያድራል፣ አንድ ቀን አልዛገም። ጓንት አጥልቄ ከተረፈው ሶዳ ጥቂት በውኃ አሟሙቼ ጠብ አደረግሁበት። ምንም። በአሉሚኒየሙ የማንቆርቆሪያ ክዳን ላይ ጠብ አደረግሁ። ወዲያው አረፋ ደፈቀ፤ እየተንጣጣ ጠቆረ።

ኒኬል ያለበትን የማይዝግ ብረት ማግኔት ብዙ ጊዜ አይስበውም። ይህን አንብቤዋለሁ፤ ዘንግቼው ነበር። ማግኔቱ ስለዚያ ድስት የነገረኝ አንዳች ነገር የለም። የሚነግረኝስ ክብደቱ ነበር፤ አሉሚኒየም ቀላል ነውና፤ ልጄም እርሱን ነው ያለችኝ።

በዚያው ቀን፣ 12፡15

ደወልሁላት። ነገ ብርጭቆው ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ አልኳት።

“ትእዛዙስ፣ አባዬ?”

ይዘገያል አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀች። ተሳስቻለሁ አልኳት።

“ምነው፣ አመመዎት እንዴ?” አለችኝ።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ነገ የደምበጫ ገበያ ነው፤ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ። ወ/ሮ ዘይነባ ከፈቀዱልኝ በድስቱ ከንፈር ላይ አንድ ጠብታ ሶዳ አደርጋለሁ። ካልፈላ እንገዛዋለን። ቢፈላም ባይፈላም ግን ሳልመረምር አታላይ ብያቸዋለሁና፣ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ገበያተኛው ሞልቶ ሳለ። ይሳቁ።

ሰላማዊት አብሬዎት ልሂድ አለች። ቅሪ ልላት ነበር። ነይ አልኳት። ሴትዮዋን ስሰድብ አጠገቤ ቆማ ሰምታለች፤ ይህንንም ቆማ ትስማ።